«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ኅዳር ላይ በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ዮሐንስ የሚነግድ ሰው ኮምፒዩተሩ እምቢ ቢለው ጊዜው ምን ያህል ክፉ እንደሚሆን የሰሊጥ ገበያን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ሚዛኑ ሥራ አያቆምም። መጋዘኑ በር ላይ መኪና ቆሟል። ለአጫጆቹ የተከፈለው፣ ለገበሬው የተሰጠው ቀብድ፣ የገባውና የወጣው ኩንታል ሁሉ በዚያች ሣጥን ውስጥ ነው። ማታ ደህና ሆኖ የተዘጋው ኮምፒዩተር ጠዋት ሲከፈት ፊደሉ ጡብ አክሎ፣ የሒሳብ ሠንጠረዡ ግማሹ ከስክሪኑ ውጪ ሆኖ ይገኛል። ወይም ጭራሽ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ነጋዴውም ኮምፒዩተሩን በካርቶን አሽጎ ወደ ጎንደር በሚወጣ መኪና ይልከዋል። ከጎንደር በስልክ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ «ፎርማት መደረግ አለበት።»

ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ለጠጋኙ ይመቸዋል፤ የችግሩን ምንጭ ሳይፈልግ ችግሩን ያስወግድለታል። ለባለ ሒሳቡ ግን ክረምት ለአረም ያበደረውን ገንዘብ ኅዳር ላይ «ይህን ያህል አለብህ» ብሎ የሚጠይቅበት መዝገብ አብሮ ሊጠረግ ይችላል። ይህ ጸሐፊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የመመረቂያ ጽሑፉን ሁለት ምዕራፎች ያጣው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ፊደል ገዝፎ ስለታየ ብቻ። ኋላ እንደተረዳው፣ የተበላሸው ድራይቨር የምትባል አንዲት ፕሮግራም ነበረች። እሷን ለማስተካከል ደግሞ አንድም የግል ፋይል መንካት አያስፈልግም ነበር።

አስተርጓሚው ሲቀር

ድራይቨር ምን እንደሆነ በድንበሩ ገበያ ምሳሌ መግለጽ ይቀላል። ከገላባት ተሻግሮ የመጣ ዐረብኛ ብቻ የሚያውቅ ገዢና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሻጭ ሲገናኙ በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። እዚህ ላይ ዊንዶውስ አንዱ ወገን ነው። ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው የዲስፕሌይ ካርድ ሌላው ወገን ነው (በብዙ ላፕቶፖችና የቢሮ ኮምፒዩተሮች ካርድ ተብሎ ለብቻው የተሰካ ነገር የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ክፍል ነው)። ድራይቨሩ የሁለቱ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ የቀረበት ገበያ በጣት ምልክት መሄዱ አይቀርም፤ ግን ይጎትታል፣ ዝርዝር ጉዳይም አይነሣበትም። ዊንዶውስም የካርዱ ድራይቨር ሲጠፋበት የሚጠቀምበት የጣት ምልክት አለው። ስሙም «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይባላል። ስክሪኑ በርቶ ይቆያል፤ ነገር ግን ፊደሉ ይገዝፋል፣ ገጹ ወደ ታች ሲጎተት እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ሁለተኛ ስክሪን ቢሰካለት አያውቀውም። ጠዋት ፊደሉ ጡብ አክሎ የጠበቀው ነጋዴ ላይ የደረሰው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ካርዱ አልሞተም፤ መዝገቡም አልተነካም።

አስተርጓሚው የሚቀረው በልዩ ልዩ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ ባወረደው ማሻሻያ የማይስማማ ድራይቨር ሊጫን ይችላል። ድራይቨሩ እየተጫነ መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። ከሱዳን ጋር የሚያገናኘው 230 ኪሎ ቮልት መስመር በሸኸዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ ይሻገራል፤ ኮምፒዩተሩን የሚያሳስበው ግን ከራስ በላይ የሚያልፈው ሳይሆን ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ነው።

የድራይቨር ነገር ተራ እንዳይመስል ሁለት ጉዳዮችን እንጥቀስ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በማይክሮሶፍት ላይ በተመሠረተ ክስ ይፋ የሆኑ የኩባንያው ሰነዶች፣ በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት የቪስታ ብልሽቶች ወደ 29 በመቶ የሚሆኑት ከአንድ ካርድ አምራች፣ ከኢንቪዲያ ድራይቨሮች ጋር የተያያዙ እንደነበሩ አሳይተዋል። ይኸው አምራች እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ያወጣው 196.75 የተሰኘ ድራይቨር ደግሞ በአንዳንድ ካርዶች ላይ ማቀዝቀዣውን ፋን እያስተጓጎለ ስላስቸገረ ከስርጭት እንዲወጣ ተደርጓል። ስለዚህ «አዲሱ ይጫንበት» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ጥፋቱ የድራይቨሩ፣ የካርዱ ወይስ የስክሪኑ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ባለሙያ አይጠይቅም።

ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ያብሩት። ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የአምራቹ ስም፣ ኤችፒ ወይም ዴል ወይም ሌኖቮ የሚለው፣ ብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት የዊንዶውሱ ድራይቨር ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ ስሙ ላይ ራሱ መስመር ወይም ነጠብጣብ ከታየ ድራይቨሩን መወንጀል አይቻልም፤ ስክሪኑ፣ ኬብሉ ወይም ካርዱ ነው። ስሙ ጥርት ብሎ ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ ነገሩ ከተበላሸ ግን በመጀመሪያ ድራይቨሩን ይጠርጥሩ።

መስመሩ የሚመጣው ሥራ ላይ ሳሉ ከሆነ ሌላ መፈተኛ አለ። የዊንዶውስንና የፕሪንት ስክሪንን ቁልፍ አንድ ላይ ይጫኑ፤ ኮምፒዩተሩ የስክሪኑን ምስል በራሱ ያነሣል። ምስሉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ወደ ስልክዎ አዛውረው ይዩት። መስመሩ ስልኩም ላይ ከታየ ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ግን የታመመው ስክሪኑ ወይም ኬብሉ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑን በስልክ ካሜራ ማንሣት ግን ይህን አይለይም፤ ካሜራው ያየውን ሁሉ ያነሣልና።

የላፕቶፕ ባለቤት ደግሞ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ሄዶ በኤችዲኤምአይ ኬብል ያገናኘው። ቴሌቪዥኑ ላይ በደንብ ከታየ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ነው ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝገቡን እዚያው በፍላሽ መገልበጥ ይቻላል።

በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ቀለሙ በሙሉ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ቢጫ ካደላ በብዛት የኬብል ጉዳይ ነው፤ የድሮው ሰማያዊ ኬብል ጫፍ ላይ ካሉት ቀጫጭን መርፌዎች አንዱ ታጥፎ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ቢሮ ከቀየሩ በኋላ ስክሪኑ አልበራ ካለ ደግሞ ኬብሉ የተሰካበትን ቦታ ይዩ። ለብቻው የተሰካ ካርድ ያለው ኮምፒዩተር ከኋላው ሁለት የስክሪን መሰኪያ ሊኖረው ይችላል፤ ኬብሉ መግባት ያለበት ካርዱ ላይ ባለው ነው። ይህን ያህል ቀላል ጉዳይ ጎንደር ድረስ ተጉዞ ተመልሷል ቢባል አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ የጎንደር ጠጋኞች ግን አይስቁም።

የቆላው ሙቀት

በመተማና በአካባቢው ነገሩን የሚያወሳስበው የአየሩ ጠባይ ነው። ቆላው ከጎንደር ከተማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ብዙ ላፕቶፖች ግን በአምራቾቻቸው መግለጫ መሠረት እንዲሠሩ የታሰቡት እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ የአየር ሙቀት ውስጥ ነው። እንግዲህ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ ቢሮ ውስጥ ከቀትር በኋላ የሚሠራ ላፕቶፕ ከተሠራበት ልክ ውጪ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ አንድ የጥንቃቄ ሥርዓት አለው። ካርዱ የተሰጠውን ሥራ አቁሞ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ድራይቨሩን ዘግቶ እንደገና ያስነሣዋል። ተጠቃሚው የሚያየው ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ሲመለስ ነው። «ዲስፕሌይ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፤ አሁን ተመልሷል» የሚል ማስታወቂያም ሊወጣ ይችላል። ማስታወቂያው ባይወጣም «ኢቨንት ቪዌር» በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ 4101 በሚል ቁጥር ይጻፋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ማስታወቂያው የሚጠራው የድራይቨሩን ስም ስለሆነ ሰው ሁሉ ድራይቨሩን ይወቅሳል። ካርዱ መልስ ያልሰጠው ግን ሞቆ ሊሆን ይችላል። ድራይቨር ቢቀየር፣ ፎርማትም ቢደረግ፣ በማግስቱ ቀትር ላይ ያው ይመለሳል።

ሁለቱን ለመለየት የነጋዴ ዘዴ ይበቃል። ለአንድ ሳምንት ስክሪኑ የጠቆረበትን ሰዓት በወረቀት ይያዙ። ጠዋት ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ሆኖ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ ሙቀት ነው። ጠዋትም ማታም፣ ወይም አንድ የተወሰነ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ድራይቨር ነው። ይህን የያዘች አንዲት ወረቀት ለጠጋኙ መስጠት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ሙቀቱን የሚያባብሰው አቧራ ነው። ሰሊጥ በሚበጠርበትና ማዳበሪያ በሚራገፍበት መጋዘን አጠገብ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ማናፈሻው በብናኝ ይደፈናል። ብዙዎች ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር ያስነፉታል። ይህ መቅረት አለበት። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ውኃ ይተፋል፤ ፋኑንም ከልክ በላይ እያሽከረከረ ይሰብረዋል። ኮምፒዩተሩን ከመብራት ነቅሎ፣ ፋኑን በጣት ይዞ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። ለዓመታት ተከፍቶ ለማያውቅ ኮምፒዩተር ደግሞ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ፔስት ማስቀየር ተገቢ ነው፤ ይህ እውነትም የባለሙያ ሥራ ነውና ጎንደር ቢልኩት አይቆጭም። ላፕቶፕን ትራስ ወይም አልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራትም የአየር መግቢያውን መድፈን ነው።

እርምጃው

ጥፋቱ የድራይቨር መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀረው ቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ በፊት መዝገቡን በፍላሽ ይገልብጡ። ፊደሉ ቢገዝፍም ኮምፒዩተሩ ይሠራልና ይህ ይቻላል።

ቀጥሎ ስታርት በሚለው ምልክት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ይክፈቱ። በውስጡ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር የካርዱ ስም ይገኛል። በስሙ ፋንታ «ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ተጽፎ ከሆነ አስተርጓሚው ጠፍቷል። ስሙ ኖሮ ቢጫ ምልክት ካለበት ሁለት ጊዜ ተጭነው ይክፈቱት፤ የችግሩ ቁጥር ይነገርዎታል። ቁጥሩ 43 ከሆነ ካርዱ ራሱ ችግር እንዳለበት ለዊንዶውስ አመልክቷል ማለት ነው። ይህ በድራይቨርም በሞተ ካርድም ይመጣልና ድራይቨሩ ተስተካክሎ ካልጠፋ ካርዱን ማስመርመር ነው።

ችግሩ የጀመረው ማሻሻያ ከተጫነ በኋላ ከሆነ እዚያው «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚል ቁልፍ አለ። ወደ ቀድሞው ድራይቨር ይመልሳል፤ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ የቀድሞው አልተቀመጠም ማለት ነው። ያኔ «አንኢንስቶል ዲቫይስ» ብለው አጥፍተው ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሣትና ትክክለኛውን ድራይቨር መጫን ነው። ሲጭኑ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከሆነ ዩፒኤስ ወይም ጄኔሬተር ይኑረው።

ስክሪኑ ጭራሹን ጥቁር ከሆነ በመጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «ቢ» የሚሉትን አራት ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫኑ። ይህ ድራይቨሩን ብቻ እንደገና ያስነሣል፤ የተከፈተ ሥራ አይዘጋም። ካልሆነ ኮምፒዩተሩን ሲነሣ የማብሪያ ቁልፉን ይዘው ያጥፉት፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት ዊንዶውስ የራሱን የጥገና ገጽ ያመጣል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርታፕ ሴቲንግስ» እያሉ ገብተው ሲነሣ 4 ቁጥርን ቢጫኑ «ሴፍ ሞድ» ይገባሉ። ሴፍ ሞድ በዚያ በጣት ምልክት ብቻ የሚሠራ ዊንዶውስ ነው። እዚያ ገብቶ የተበላሸውን ድራይቨር ማጥፋት ይቻላል። የጥገናው ገጽ ራሱ ካልታየ ግን ነገሩ የድራይቨር አይደለም፤ ወደ ኬብሉና ወደ ካርዱ ይመለሱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው በ«ቢትሎከር» ስለተቆለፈ በዚህ መንገድ ሲገባ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃሉ። ቁልፉ ኮምፒዩተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አሁን ደህና ሳለ በወረቀት ጽፎ ከሰነድ ጋር ማስቀመጥ ነው። ዲስኩ ያልተቆለፈ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ጭራሽ ቢሞት እንኳ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ በመሰካት መዝገቡን ማውጣት ይቻላል።

ያገለገለ ሲገዙ

ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ድራይቨር ፍለጋ ላይ ይቸገራል፤ የላፕቶፑ ስም ተፍቆ፣ ካርዱ ላይ ያለው ወረቀት ተልጦ ይገኛል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ቢመርጡ «ቬን» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ አራት ምልክቶች ያያሉ። 8086 ከሆነ አምራቹ ኢንቴል ነው። 10ዲኢ ከሆነ ኢንቪዲያ፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ ነው። ስም ይፋቃል፤ ይህ ቁጥር ግን ካርዱ ውስጥ ነው።

ለብቻው የሚሸጥ ካርድ ሲሆን ግን ማጭበርበርም አለ። ያረጁ የኢንቪዲያ ካርዶች ውስጣዊ ጽሑፋቸው ተቀይሮ በአዳዲስ ስም ሲሸጡ ቆይተዋል። ገዢው ትክክለኛውን ድራይቨር ከአምራቹ አምጥቶ ሲጭን እምቢ ይለዋል፤ እሱም «ድራይቨሩ ተበላሸ» ይላል። «ጂፒዩ ዚ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን የኢንቪዲያ ካርዶች «ሐሰተኛ» ብሎ መለየት ጀምሯል። ሻጩ ፊት በፍላሽ ይዞ ቀርቦ ማየት ነው፤ ሻጩ ከተቆጣም ያው መልስ ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) ማብቃቱንም ገዢ ማወቅ አለበት። ለዊንዶውስ 11 ያልታሰበ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አዲሱን በግድ የሚጭኑ አሉ። ያኔ የድሮው ካርድ የሚስማማው ድራይቨር ላይኖረው ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም ዕድሜ ልኩን በጣት ምልክት ይሠራል።

ፍላሹ

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ድራይቨር ከኢንተርኔት ማውረድ የማይታሰብ ነበር። ኢንተርኔት ሲኖርም የአንዳንድ ካርዶች ድራይቨር ከ500 ሜጋ ባይት በላይ ነው፤ በስልክ ካርድ ለሚያወርድ ሰው ዋጋው ቀላል አይደለም። ዊንዶውስ ሳይጠይቅ እንዳያወርድ የስልኩን ግንኙነት «ሜተርድ» ብሎ መመደብ ይረዳል። «ድራይቨር በነጻ እናድስልዎ» እያሉ የሚመጡ ፕሮግራሞችን ደግሞ ጭራሽ አለመጫን ነው፤ ብዙዎቹ ቫይረስ ወይም ማስታወቂያ ይዘው ይገባሉ።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ደህና ሳለ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ጥሩ ኢንተርኔት ያገኙ ዕለት፣ አንድ ፍላሽ ያዘጋጁ። ውስጡ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም የወረደው የዲስፕሌይ ድራይቨር ይኑር፤ የካርድ አምራቹ ድራይቨር ሁለተኛ ምርጫ ነው። የኔትወርክ ድራይቨሩም ይጨመር፤ እሱ ከሌለ ኢንተርኔት ቢመጣም ኮምፒዩተሩ አያገኘውም። የቢትሎከሩ ቁልፍ ግን በወረቀት እንጂ እዚህ ፍላሽ ላይ አይሁን። የሒሳብ መዝገቡ ቅጂ በየሳምንቱ የሚገለበጥበት ሌላ ፍላሽ ይኑር፤ ሁለቱም በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጡ። ኮምፒዩተሩን ጎንደር መላክ የግድ ሲሆን ደግሞ ካርቶኑ ላይ «መዝገቡ ሳይገለበጥ፣ ባለቤቱም ሳይጠየቅ ፎርማት እንዳይደረግ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ፣ ከስልክ ቁጥርና ሰዓቱ ከተመዘገበባት ወረቀት ጋር ይላክ።